በብርጭቆ ውሃ የተቀመጠው ሣር

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። የሰፈሩ ልጆች ቢጠየቁ ዓመቱንም ወሩንም ይነግሯችኋል፤ እኔ ግን ዕድሜዬ ገፍቶ ቀንና ወር እየተቀላቀለብኝ ነው። በቆሎ የሚጠበስበት ወቅት እንደነበር ግን አውቃለሁ። እዚህ ጆሀንስበርግ ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ያጉረመርማል። ያን ቀንም እያጉረመረመ ነበር።

ቀኑን ረሳሁት፤ ንዴቱን አልረሳሁትም። በተፈጥሮዬ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ “አንተን ለማናደድ ስለት መሳል ያስፈልጋል” ትለኝ ነበር። ይሄ ነገር ግን ዛሬም ሲነሣ ደሜ ይፈላል። ጽሕፈቴ ቢጣመምባችሁ ከዚያ ነው፤ ደግሞም ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም።

ላምቦሬ እባላለሁ። አገሬ ሆሳዕና አካባቢ ነው። ዮቪል በሚባለው የጆሀንስበርግ ሰፈር በመንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቼ ካልሲ፣ ቀበቶና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ከጠረጴዛዬ ቀጥሎ አንዲት የዙሉ ባልቴት በአሮጌ ጃንጥላ ሥር፣ በተቀደደ በርሜል ከሰል አቀጣጥላ በቆሎ ትጠብሳለች። ሰው ሁሉ “ጎጎ” ነው የሚላት፤ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እኩያዬ ብትሆንም እኔም ጎጎ እላታለሁ። እሷም “ማዳላ” ትለኛለች፤ ሽማግሌው እንደማለት ነው።

እሷ ጉዳይ ሲኖርባት በቆሎዋን እኔ አገላብጣለሁ። እኔ ስሄድ ዕቃዬን እሷ ትጠብቃለች። በቋንቋ ብዙም አንግባባም፤ ያም ሆኖ በቆሎዋን ካሳረርኩባት የእሳት መቆስቆሻዋን ብድግ ታደርጋለች፤ ያኔ በደንብ ይገባኛል።

ታምራት የእህቴ ልጅ ነው። መጀመሪያ ዲፕስሉት በሚባል የድሆች ሰፈር የሰው ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። እዚያ ደጋግመው በሽጉጥ ዘረፉት። መጨረሻ ላይ እንቅልፍ አጥቶ፣ በሩ ሲንኳኳ ከአልጋው ሥር የሚገባ ሰው ሆኖ ነበር። ከዚያ እግዜር ብሎለት የአንድ አገር ኤምባሲ ባለሥልጣን ሹፌር ሆኖ ተቀጠረ። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ሕዝቡ ምን በደለኝ? ኤምባሲው ፕሪቶሪያ ነው። የሰውየው ቤት ግን እዚሁ ጆሀንስበርግ በስተሰሜን፣ አጥሩ ከቤቱ በሚበልጥበት ሰፈር ነበር።

ታምራት ሥራውን ወደደው። እሑድ እሑድ እየመጣ ያጫውተኛል።

“ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እራት የሚበሉ ይመስልዎታል፤ ሥራ ላይ ናቸው እኮ። ማን ከማን ጎን ይቀመጥ የሚለውን ብቻ ሳምንት ይመክሩበታል። ሁለት አገር ተኳርፎ እንደሆነ አንድ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጧቸውም። መተላለፊያ ላይ ድንገት የተገናኙ አስመስለው ያነጋግሯቸዋል።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ የታሰረ ዜጋቸውን ይጠይቃሉ፣ የሞተባቸውን ሬሳ ይሸኛሉ፣ ለአገራቸው ዕቃ ገበያ ያፈላልጋሉ። ጦርነት በእራት የሚያስቀሩ ሰዎች ናቸው።”

“ሽማግሌዎች ናቸዋ!” አልኩት።

“አዎ ጋሼ፤ ከረባት ያሰሩ ሽማግሌዎች።”

በኛ አገር ሁለት ጎሣ ደም ከተቃባ፣ በመሐል የሚመላለሰው ሽማግሌ እርጥብ ሣር በእጁ ይይዛል። ሣር የያዘን ሰው ማንም አይነካውም። ጦር ቀርቶ ክፉ ቃል አይወረወርበትም። ይሄን ለታምራት ስነግረው ሳቀና “በቃ፣ የኛ መኪና ሰሌዳ ማለት እሱ ሣር ነው” አለኝ። በሰሌዳው መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል አሳየኝ። እሷን ያየ ፖሊስ አያስቆማቸውም፤ ቢያስቆማቸውም ሰላምታ ሰጥቶ ያሳልፋቸዋል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። የሰው ልጅ የትም ቢሆን አንድ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሰውየው የኛን ምግብ ይወድ ነበር። ቅዳሜ ምሳ ላይ ታምራት ዮቪል ወዳለው የሐበሻ ምግብ ቤት ያመጣዋል። ታምራት መኪናውን ከኛ ፊት ለፊት አቁሞ፣ ከኔና ከጎጎ ጋር እየተጨዋወተ ይጠብቀዋል። ጎጎ የተረፈ በቆሎ ካላት ትሰጠዋለች። እሱም “ሳዉቦና ጎጎ” ብሎ በዙሉ ሰላም ሲላት አነጋገሩ ያስቃታል።

ያን ቅዳሜ ሰውየው ከምግብ ቤቱ የወጣው ፊቱ ቀልቶ ነው። ጠጁን ከልክ በላይ ወስዶታል። ቀይ ከረባቱ ወደ ትከሻው ዞሯል። እየሳቀ መጣና እጁን ለታምራት ዘረጋ፤ ቁልፉን አምጣ ማለቱ ነው። ታምራት የሆነ ነገር አለው። ሰውየው እንደገና እጁን ዘረጋ። ቀጣሪው ነው፤ ምን ይበለው? ሰጠው።

በዚህ አገር መሪው በቀኝ ነው። ሰውየው በቀኝ ገባ፣ ታምራት በግራ። በዓይኔ ነው ያየሁት። መኪናው በአንድ ጊዜ አጓርቶ ተነሣና መንገዱን ተሻግሮ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ዘለለ። በርሜሉ ሲገለበጥ፣ ከሰሉ ሲረጭ፣ ጎጎ ስትወድቅ አየሁ። መኪናው ከኔ ጠረጴዛ ጥግ ጋ ቆመ።

ታምራት በግራው በር ዘሎ ወጣ። ፍሙን እየረገጠ ጎጎ ጋ ደረሰና ራሷን ጭኑ ላይ አደረገ። ሸሚዙ ደም በደም ሆነ። ሰውየውስ? ከመኪናው ወርዶ ከረባቱን አስተካከለ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ወደ ጎጎ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ከየሱቁና ከየፎቁ ሰው ተግተልትሎ ወጣ። የመጣው ሰው ሁሉ ያየው ሰሌዳውን፣ የወደቀችውን ጎጎንና በደም የተነከረውን ታምራትን ነው። ሰውየው ጎንበስ አለና ታምራትን ትከሻው ላይ ይዞ በጆሮው ተናገረው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ መኪና መጥቶ ሰውየውን ወሰደው።

ፖሊሶች ሲደርሱ “ማነው የነዳው?” አሉ።

“እኔ ነኝ” አለ ታምራት።

እኔ ጮህኩ። “ምን ነክቶሃል አንተ ልጅ! እሱ ነው እንጂ! ያ ቀይ ከረባቱ!” እያልኩ በአማርኛ እጮሃለሁ፤ ማን ይስማኝ? ታምራት በካቴና እየሄደ ዞር ብሎ “ጋሼ፣ ዝም ይበሉ። በአንድ ስልክ አስወጣሃለሁ ብሎኛል። ኤምባሲው ይሸፍነኛል። የበላሁበት ቤት ነው፣ ገመናውን አላወጣም” አለኝ።

እንጀራ የበሉበትን ቤት ገመና መሸፈን እኛ ያስተማርነው ነው። ከናቱ ጡት ጋር ነው ያጠባነው። ለማን እንደሚገባና ለማን እንደማይገባ ግን አላስተማርነውም።

ስልኩ አልተደወለም። በማግሥቱ ማንም አልመጣም። ሰኞ ታምራት ራሱ ከጣቢያው ሲያስደውል ኤምባሲው “ሹፌሩ እዚሁ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው፣ በኛ ከለላ ሥር አይደለም” አለ። ያኔ ነው ልጁ የነቃው። “እኔ አልነዳሁም” ቢል “እሱማ ሁሉም ሲታሰር የሚለው ነው” አሉት።

ጉዳዩን የያዘችው አንዲት ሴት ሳጅን ነበረች። አክብራ ወንበር ሰጠችኝ። የምግብ ቤቱ ልጅ እያስተረጎመልኝ አስረዳችኝ።

“ባባ፣ ሰውየው ከለላ አለው። እሱን ማሰር ቀርቶ ያለፈቃዱ ቃሉን እንኳ መቀበል አልችልም። የናንተ ልጅ ደግሞ የለውም። ሰሌዳው የሚሸፍነው መኪናውንና ጌታውን ነው።”

“እሺ፣ የማይነካ ሰው ምን ፈርቶ ዋሸ ታዲያ?”

ይሄን ጊዜ እሷም ንድድ ብሏት አየሁ። “እኔ አልነካውም፤ የላኩት ግን ይነኩታል” አለችኝ። “ጠጥቶ ሰው መግጨቱን ካወቁ ሻንጣውን ያስይዙታል። ከፈለጉም ከለላውን ያነሡለታል፤ ያኔ እንደማንኛውም ሰው እጠይቀዋለሁ። ከለላው የሱ አይደለም፣ ያገሩ ነው። ሰጥታዋለች፣ መውሰድም ትችላለች።”

“አንሡት በሏቸዋ!”

“እኔ አልላቸውም። እኔ ለአለቆቼ፣ አለቆቼ ለውጭ ጉዳይ፣ ውጭ ጉዳይ ለአምባሳደሩ ነው የሚለው። ያን ሁሉ በር ለማንኳኳት ምስክር ያስፈልገኛል። ልጁ እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟል፤ እርስዎ አጎቱ ነዎት። አሮጊቷ ራሷን አታውቅም።” መዝገቡን አጠፈችና ጨመረች፤ “ከሞተች ደግሞ ክሱ ሰው መግደል ይሆናል።”

የኛ ኤምባሲ ሰውም መጥቶ ታምራትን ጠይቆታል፤ አስተርጓሚ እንዲያገኝም ረድቶታል። “በፖሊስና በሌላ አገር ኤምባሲ መሐል መግባት ግን አልችልም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም” አለኝ። እሺ አልኩት። እሱ እንኳ መጥቶ ዓይናችንን አይቷል።

ሰፈሩ ደግሞ መናጥ ጀመረ። “ማክዌሬክዌሬው ጎጎን ገደላት” ይባላል፤ የውጭ ሰውን የሚሰድቡበት ቃል ነው። የጎጎ ልጅ ሲፎ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ጓደኞቹ ብዙ ናቸው። የሐበሻ ሱቅ ሁሉ የብረት መዝጊያውን ግማሽ አውርዶ መሸጥ ጀመረ። እኔም ጠረጴዛዬን አጠፍኩ። ቦታዬ ላይ የጎጎ ከሰል ጥቁር ሆኖ ቀርቷል።

ሐጂ ሸምሱ ጋ ተሰበሰብን። ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ጀርሚስተን ውስጥ የጅምላ ዕቃ ያከፋፍላሉ። እንግሊዝኛውንም ዙሉውንም ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ ለምደውታል። አቶ ወርቁም ነበሩ፤ የአዲስ አበባ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሽምግልና የሚቀመጡ።

“የጎጎ ቤተሰብ ጋ ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ” አልኩ እኔ።

አቶ ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ለታምራት የያዝንለትን ጠበቃ አማክሬያለሁ። ይቅርታ ከጠየቃችሁ አመናችሁ ማለት ነው፣ እንዳትጠጉ ብሏል።”

“ጠበቃው የት አገር ሰው ነው?” አሉ ሐጂ።

“የዚሁ ነው።”

“እሱማ አይፈረድበትም! በኛ ቤት ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ ይኬዳል። ማን ነው ያጠፋው የሚባለው ከተኬደ በኋላ ነው።”

“ሐጂ፣ ልጁን ታሳስሩታላችሁ!”

“ታስሯል እኮ ወርቁ! ከዚህ በላይ የት ያስገቡታል፣ ጓዳ?”

ከብዙ ክርክር በኋላ በቅድሚያ ሰውየው ጋ እንሂድ ተባለ። እሱ መጥቶ እውነቱን ካወጣ ሁሉም ይቀላል። ሽማግሌ ነው ብሎን የለ ታምራት? ሽማግሌ የሽማግሌን ነገር አያጣውም አልን።

ሦስታችን በሐጂ መኪና ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ እኔ ወረድኩና ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጨሁ። ባዶ እጅ አይገባም። ዘበኛው በትንሿ መስኮት አየንና “የአትክልት ሠራተኞች በጓሮ በር ነው የሚገቡት” አለን።

ሐጂ ኮታቸውን እያራገፉ “ላምቦሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ አትክልተኛ አደረግኸኝ” አሉ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ሳቅን።

ሰውየው አስገባን። ይሄን አልክድም፤ በሳቅ ነው የተቀበለን። ሻይ አስቀረበ። ከረባቱ ሌላ ነበር፣ ሰማያዊ። እኛ ሻዩን አልነካነውም። ነገሩ ሳይያዝ የሰው ቤት እህል አይቀመስም። ሐጂ እያስተረጎሙ አወራን።

“በደረሰው ነገር እጅግ አዝኛለሁ” አለ ሰውየው።

የደረሰው ነገር! ነገሩ ብቻውን መኪና እየነዳ የመጣ ይመስል።

“ለታምራት የምመኝለት መልካሙን ብቻ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ በአገሩ ፖሊስ እጅ ስለሆነ አስተያየት ብሰጥ ጣልቃ መግባት ይሆንብኛል።”

“ያኔ እርስዎ ነበሩ የሚነዱት” አሉ አቶ ወርቁ፣ ፊት ለፊት።

ሰውየው ፈገግታው አልተነቃነቀም። “ያላችሁበትን ስሜት እረዳለሁ” አለ። “አዎ” አላለም። “አይደለም” አላለም። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌባ እንኳ ሲይዙት ይክዳል፤ መካድም ወግ ነው። ይሄኛው ሳይክድም ሳያምንም ፈገግ ብሎ ይቀመጣል።

እኔ ተነሣሁ። ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ፊቱ ቆምኩና ተናገርኩ። “ጌታዬ፣ በኛ አገር ይሄን የያዘ ሰው አይነካም። የማይነካው ግን ለሌላው ሲል ነው፤ ሰው ለማስታረቅ ነው። ሣር ይዞ ያጠፋ እንደሆነ የላኩት ሰዎች ራሳቸው ሣሩን ከእጁ ይነጥቁታል። እርስዎን ማንም አያስርዎትም። ልጁ ግን በእርስዎ ቦታ ታስሯል። አንዲት ቃል ብቻ ነው የምንለምንዎት” ብዬ ሣሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ሐጂ ቃል በቃል አስተረጎሙ።

ሰውየው አዳመጠ። ከዚያ ምን አለ መሰላችሁ? “እጅግ ውብ ባህል ነው” አለ። ሠራተኛዋን ጠራና ሣሩን እንድትወስድ አሳያት። ሴትዮዋ በብርጭቆ ውሃ አድርጋ እንደ አበባ አስውባ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

እኔ ይሄን ነው መርሳት ያቃተኝ። ቢያባርረን ይሻለኝ ነበር። ውሻ ቢለቅብን ይሻለኝ ነበር። የሰው ነፍስ ይዘን ብንሄድ ለጠረጴዛው ጌጥ አደረገው።

ሣሩን ከብርጭቆው መዝዤ አወጣሁት፤ ውሃው ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። “ይሄ ለርስዎ አልነበረም” አልኩት በአማርኛ። ሐጂም አላስተረጎሙም።

በሐጂ መኪና ተመለስን። መሐል መንገድ ላይ ሐጂ መሪውን በጥፊ መቱና “ወደ ሆስፒታሉ ነው የምሄደው፤ ጠበቃ አይበለኝ!” አሉ። አቶ ወርቁም “ይሂዱ” አሉ። ሣሩ ጭኔ ላይ ነበር።

ጎጎ ከነቃች ጥቂት ቀን ሆኗት ነበር። ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ራሷ ተጠቅልሏል። በሩ ላይ ሲፎ ቆሟል። ደረቱን ነፍቶ መንገዱን ዘጋው።

“ምን ፈልጋችሁ ነው? ሞተች አልሞተች ልታዩ?” አለ በዙሉ።

ሐጂ በዙሉ መለሱለት፤ “ልጄ፣ እናትህ ተጎድታ ሳንመጣ ብንቀር ነበር መናደድ ያለብህ።”

ሲፎ ሊመልስ ሲል ከውስጥ ድምፅ ተሰማ። “ማዳላ ነው? አስገባው!”

ገባን። እኔ ሣሩን እንደያዝኩ ካልጋዋ ሥር ተንበረከክኩ። አቶ ወርቁ ደገፉኝ። ጎጎ ሣሩን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሣሩን አየች።

“ማዳላ፣ የታመመ ሰው ስትጠይቅ ሣር ነው የምታመጣው? ላም መሰልኩህ?”

ሐጂ ሲያስተረጉሙልኝ ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። በሐጂ አፍ ነገርኳት። ልጃችን ስለታሰረበት ጉዳትሽ በሁላችን ስም ይቅርታ ልንጠይቅ መጣን፤ በኛ አገር ወግ እንዲህ ነው፤ ማን አጠፋ ሳይባል ይመጣል አልኳት።

ጎጎ ቅንድቧን ሰበሰበች።

“የትኛው ልጅ? ያ ሳዉቦና የማይችለው?”

“አዎ፣ ታምራት።”

“እሱ ምን አደረገኝ? ራሴን የያዘው እኮ እሱ ነው። አትተኚ ጎጎ፣ አትተኚ እያለ ሲያለቅስ ነበር። የነዳው ያ ቀይ ከረባት ያሰረው ነው። መኪናው ሲመጣብኝ በፊት መስተዋቱ አይቼዋለሁ። እየሳቀ ነበር።”

 ሲፎ ወደ አልጋው ቀረበ።

“እማማ፣ ይሄን ለፖሊስ ነግረሻል?”

“ማን ጠየቀኝ?” አለች።

ማንም አልጠየቃትም! እስቲ አስቡት! ልጁ እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟልና መዝገቡ ሞልቷል፤ የተጎዳችውን ማን ይጠይቅ? ጠበቃውን ሰምተን ቀርተን ቢሆን ኖሮ ያቺ ቃል አልጋ ላይ ተኝታ ትቀር ነበር።

ሳጅኗ በዚያው ቀን መጥታ ቃሏን ተቀበለች። ሲፎ ደግሞ እኛን ሳያናግር ወጥቶ ሄደ። ወዴት እንደሄደ ያወቅሁት በኋላ ነው። ታክሲ ተራው ላይ ቆሞ “የሐበሾቹን ሱቅ የሚነካ ከኔ ጋር ነው፤ ልጃቸው የእናቴን ራስ ይዟል” ብሏል። በማግሥቱ የብረት መዝጊያዎቹ ሙሉ በሙሉ ተከፈቱ።

የጎጎ ቃል በሳጅኗ በኩል ያን ሁሉ በር እያንኳኳ ሄደ። ከሳጅን ወደ አለቆቿ፣ ከአለቆቿ ወደ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ወደ አምባሳደሩ። እኛ ጠበቅን። መልስ መጣ፤ ምን አይነት መልስ! ባለሥልጣኑ የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመልሷል። በቃ። ከለላውን አላነሡለትም፣ አጥፍቷልም አላሉም፣ አላጠፋምም አላሉም። ልክ እንደሱ ፈገግ ያለ መልስ። ሳጅኗ ነገሩን ስትነግረኝ መሬት መሬት እያየች ነበር።

ታምራት ፍርድ ቤት የቀረበ ቀን ጎጎ በተሽከርካሪ ወንበር መጣች። ሲፎ ይገፋታል። ሐኪሞቹ አትሂጂ ብለዋት ነበር አሉ። ጸሐፊው ተነሥቶ አንድ ስም ጠራ። እኔ ሌላ ሰው መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ። እጇን ያነሣችው ጎጎ ናት። ያን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ስሟን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ተናገረች። በሆስፒታሉ የተናገረችውን ነው የደገመችው፤ የላሟን ቀልድ ብቻ ተወችው። ዐቃቤ ሕጉ ከሳጅኗ ጋር ተንሾካሾከና ክሱን አነሣ። ታምራት ከተከሳሽ ሳጥኑ ወርዶ ራሱን ጭኗ ላይ ጣለ። እሷም መታ መታ አደረገችውና አነጋገሩን እያሾፈችበት “ሳዉቦና” አለችው።

አሁን ታምራት ሐጂ ጋ ጀርሚስተን ይሠራል። እንደገና የሰው መኪና አልነዳም ብሏል። ጎጎ በምርኩዝ ትሄዳለች። በርሜሏን ጠዋት ሲፎ ያመጣላታል፤ የከሰሉን ከረጢት እኔ አነሣላታለሁ። ሲበርድ ዳሌዋን ያማታል። ስታነክስ ባየሁ ቁጥር ያ ብርጭቆ ፊቴ ይመጣብኛል።

ሰዎች “ተወው ጋሼ፣ ልጅህ ወጣልህ፣ እግዜር ይፈርዳል” ይሉኛል። እግዜር ይፍረድ፤ እኔ ግን መናደዴን አልተውም። ሰውየው ዛሬም የሆነ አገር ተመድቦ፣ ማን ከማን ጎን ይቀመጥ እያለ፣ “በደረሰው ነገር አዝኛለሁ” እያለ ይኖራል። ላኪዎቹ ሣሩን አልነጠቁትም፤ ሌላ እርጥብ ሣር ነጭተው ነው የሰጡት። አንድ ቀን እንኳ “ያቺ አሮጊት እንዴት ሆነች?” ብሎ አላስጠየቀም።

ታምራት ስለነዚያ ሰዎች የነገረኝ ሁሉ ውሸት ነው አልልም። የታሰረ የሚጠይቁ፣ ሬሳ የሚሸኙ፣ ጦርነት የሚያስቀሩ ይኖራሉ። እኔ ግን በዚያ ነገር ውስጥ በተጣላ ሰው መሐል ቆሞ ያስታረቀ፣ ከሁለቱም ወገን ዱላ ያራቀ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት። ከለላ አልነበራትም፤ ከላይዋ የተወጠረች የተቀደደች ጃንጥላ ብቻ ነበረች። ከሰው ሁሉ ጋር ጎጎ ስላት ኖሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ስሟን ልጻፈው። ቶኮዚሌ ትባላለች።